ስለ ክረምት ወጀብና በቅዳሜና እሑድ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ፤ ለመንዝ፥ ለግሼና ለመርሐቤቴ ደጋ



በሐምሌና በነሐሴ በደጋው አገር ዝናብ ይዘንባል ብሎ መናገር ለማንም አዲስ ወሬ አይደለም። ስለዚህ የአየር ጠባይ ማስታወቂያ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሹም «ይህንንስ እኛም እናውቀዋለን» ብሎ ወረቀቱን ወደ መዝገብ ቤት ይሰደዋል። ነገር ግን ማስታወቂያው የሚጠቅመው ይዘንባል ወይስ አይዘንብም የሚለውን ለማወቅ አይደለም፤ ዝናቡ በስንት ሰዓት፥ በየትኛው ወንዝ ራስጌ፥ በምን ያህል ብርታት ሊወርድ እንደሚችል አስቀድሞ አስቦ፥ በዚያው ልክ ትእዛዝ ለመስጠት ነው። ከዘመሮ ጀምሮ እስከ ግሼ ራቤልና እስከ ዓለም ከተማ ያለው አገር ግማሹ ከፍተኛ ሜዳ፥ ግማሹ ጥልቅ ገደል ስለ ሆነ፥ በሌላ ስፍራ ለእርሻ በረከት ብቻ የሚሆነው ዝናብ በዚህ አገር በአንድ ከሰዓት በኋላ በረከትም ጥፋትም ይሆናል።

ስለ ቅዳሜና እሑድ ለይተን የምንጽፍበት ምክንያት አለን። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ቀን ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፥ በድሬዳዋ ከተማ መካከል የሚያልፈው ደቻቱ የተባለው ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ የሆነ ሰው በተኛበት ወሰደ። ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ጎርፉን ያመጣው በአብዛኛው ከከተማው በላይ ባለው በሐረርጌ ደጋ የወረደው ዝናብ ነበረ። ዳግመኛም በ2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ እሑድ ሐምሌ 14 ቀን ብርቱ ዝናብ ሲወርድ አድሮ፥ ሰኞ ጧት የተራራው ጎን ተንዶ ቤቶችን ቀበረ፤ የተቀበሩትን ለማውጣት ሕዝቡ ተሰብስቦ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ ደርሶ እነዚያንም ጨመራቸው። በዚህም የሞተው ሰው ከሁለት መቶ በላይ ነው።

ደመና የሳምንቱን ቀን ለይቶ አይመጣም። ነገር ግን ቅዳሜና እሑድ መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል፤ ጸሓፊው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የወረዳው ሹም ለልቅሶ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደ ሩቅ አገር ይወጣል። ሕዝቡ ደግሞ በተቃራኒው በእነዚህ ቀኖች ከቤቱ ወጥቶ ወደ ገበያ፥ ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ ወደ ማኅበርና ወደ ሰንበቴ ይጓዛል። እንግዲህ ለመንገደኛ ክፉ የሆነው ሰዓት ሲደርስ መንገደኛው ብዙ፥ ጠባቂው ጥቂት ይሆናል ማለት ነው። ለቅዳሜና ለእሑድ የሚሆነው ትእዛዝ ዓርብ ከቀትር በፊት ካልወጣ፥ ሰኞ የሚጻፈው የጥፋት ሪፖርት ብቻ ነው።

አሁን ዝናቡ ከወዴት እንደሚመጣ በአጭሩ እናስረዳ። በሰኔ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል የሰሐራና የዐረብ አገር ምድር እጅግ ይግላል፤ የጋለው አየር ቀሎ ወደ ላይ ሲወጣ በስፍራው ከደቡብ በኩል እርጥብ ነፋስ ይሳባል። ይህም ነፋስ አንዱ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ በኮንጎ ደን ላይ አልፎ፥ ሁለተኛው ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ ወደ አገራችን ይደርሳል። እርጥቡ ነፋስ ከጀማና ከወንጭት ሸለቆ ተነሥቶ ወደ መንዝ ሜዳ ለመውጣት ሺህ ሜትርና ከዚያም በላይ ሽቅብ መውጣት አለበት። አየር ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበት የሞላበት ደመና በየመቶ ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት በለጥ ያለ ሙቀት ያጣል። የቀዘቀዘ አየር ደግሞ የተሸከመውን ውሃ ሁሉ ሊይዝ አይችልምና ይለቀዋል። በምሥራቅ በኩልም የጓሳ ዳርቻ ወደ አዋሽ ተፋሰስ የሚያሽቆለቁል ገደል ስለ ሆነ፥ ከቆላ የሚነሣው ጉም በዚያ በኩል እየወጣ ሜዳውን ሲያለብሰው ይታያል።

በክረምት የቀኑ ሂደት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ጧት ሰማዩ የጠራ ወይም ስስ ጉም የለበሰ ይሆናል። ከ4 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ያሞቀችው ምድር አየሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ከቀትር በፊትም ነጭ ደመና እንደ ግንብ ይቆማል። የደመናው ራስ ጠፍጥፎ እንደ ምጣድ መስፋት ከጀመረ ወጀቡ ተዘጋጅቷል። ከ7 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍሳል፤ ይህ ነፋስ ከደመናው ውስጥ ከዝናቡ ጋር የወደቀ አየር ነውና ከተሰማ በኋላ ለመሸሽ የሚቀረው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ መብረቅ፥ በረዶና ዶፍ ይከተላል። ሌሊትም የሚዘንብበት ጊዜ አለ፤ ይልቁንም አየሩ ለብዙ ቀን ሳይረጋ የቆየ እንደ ሆነ ከሰዓት በኋላ የጀመረው እስከ እኩለ ሌሊት ሊዘልቅ ይችላል። ሆኖም መንገድና ሥራ ለመደልደል ለሚፈልግ ሹም የጧቱ ሰዓት የሚታመን፥ ከቀትር በኋላ ያለው ግን የማይታመን ነው ብሎ መነሣት ይበቃዋል።

«ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም» የሚለውን አነጋገር በዚህ ረገድ መከተል አይገባም። በቤተ ክርስቲያን ቍጥር እንኳ ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ይዘልቃል፤ ቡሄ ግን ነሐሴ 13 ቀን ነው። ከቡሄ በኋላ የዝናቡ ቀን ቢቀንስም መሬቱ ውሃ ጠግቦ ስለሚገኝ፥ በሰኔ ምድር የምትጠጣው ዝናብ በነሐሴ መጨረሻ እንዳለ ወደ ወንዝ ይሮጣል። ትንሹ ዝናብ ትልቅ ጎርፍ የሚያመጣበት ወራት ይኸው ነው።

ከሁሉ በላይ ልናስተውለው የሚገባ የወንዙ ነገር ነው። ወንጭት፥ አዳባይና ጀማ የመንዝንና የአካባቢውን ደጋ ውሃ እየሰበሰቡ ወደ ዓባይ የሚያወርዱ ወንዞች ናቸው፤ መርሐቤቴም በእነዚህ ሸለቆዎች የተከበበ አገር ነው። በድልድይ ከሚሻገረው ይልቅ በእግሩ በመልካ የሚሻገረው ሰው ይበዛል። በቆላው ያለ መንገደኛ ሰማይ ጠርቶለት፥ ውሃው ከጉልበቱ በታች ሆኖለት ሳለ፥ ከራስጌ የወረደው ዝናብ ደራሽ ውሃ ሆኖ ይመጣበታል። ይህን በቍጥር ብናስበው እንዲህ ነው። ጎርፍ በሰከንድ 2 ሜትር ቢጓዝ በአንድ ሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ስለዚህ ዶፉ በደጋው በ9 ሰዓት ወርዶ እንደ ሆነ፥ 20 ኪሎ ሜትር ታች ካለው መልካ የሚደርሰው በ12 ሰዓት ገደማ፥ ማለት ከገበያ የሚመለሰው ሰው በሚሻገርበትና ዓይን በሚይዝበት ጊዜ ነው። ደጋው ላይ ዝናቡ ቆሞ ሰው ሁሉ «አበቃ» ባለበት ሰዓት የቆላው መልካ ገና ይጀምራል።

ከዚህ የተነሣ በራስጌ ያለው ቀበሌ በታች ላለው ቀበሌ የመናገር ግዴታ ሊጣልበት ይገባል። ዛሬ የእጅ ስልክ በየቤቱ ስላለ ይህ አስቸጋሪ ነገር አይደለም፤ የጎደለው ማን ለማን እንደሚደውል አስቀድሞ ተወስኖ መጻፉ ነው። የወረዳው ሹም በየወንዙ ራስጌ አንድ ሰው፥ በየመልካው ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሰው በስም መድቦ ቍጥራቸውን እርስ በርሳቸው ያስይዝ። ራስጌው በአንድ ወረዳ፥ መልካው በሌላ ወረዳ ከሆነ (በመንዝና በመርሐቤቴ መካከል እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ ነው) ሁለቱ ሹማምንት በቀጥታ ይነጋገሩ፤ ወሬው በዞን በኩል ዞሮ እስኪደርስ ውሃው ይቀድመዋል። በመልካው ላይ የቆመው ሰው ደግሞ ምልክቱን ይወቅ፤ ጥርት ያለው ውሃ ድንገት ቢደፈርስ፥ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሞ ቢመጣ፥ ከወደ ላይ እንደ ወፍጮ ያለ ድምፅ ቢሰማ ማንም እንዳይገባ ይከልክል። ጎበዝ ነኝ የሚለው ሁሉ የሚሳሳተው ጥልቀቱን ብቻ ስለሚመለከት ነው፤ በብርቱ የሚሮጥ ውሃ ከጉልበት በታች ሆኖ ሳለ ጎልማሳ ሰው ይጥላል፤ እስከ ጉልበት የደረሰ እንደ ሆነም ትንሽ መኪና ይገፋል። ለከብት ጅራት ተይዞ መሻገር ይቻላል የሚሉም አሉ፤ ይህን እንኳን በሞላ ወንዝ በጎደለውም አንመክርም።

ገበያን በሚመለከት የምናሳስበው አንድ ነገር ነው። ወጀብ ይጠበቃል በተባለበት ቅዳሜ ገበያው ጧት ማልዶ ተከፍቶ ከ6 ሰዓት በፊት እንዲበተን ዓርብ ዕለት በአዋጅ ነጋሪም በስልክም ይነገር። ነጋዴው ያጉረመርማል፤ ይሁን እንጂ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣው ገበሬ ወንዙን በቀን ብርሃን ተሻግሮ ይገባል። በበዓላትም እንደዚሁ ነው። ቀያ ገብርኤልን በመሰለ አገር ሐምሌ 19 ቀን ብዙ ሕዝብ ለንግሥ ይወጣል፤ በነሐሴም ከፍልሰታ ጾም ጀምሮ እስከ ነሐሴ 16 ቀን ድረስ በየደብሩ ሰው ይሰበሰባል። ስለ ሰዓቱ ከአድባራት አለቆች ጋር አስቀድሞ መመካከር እንጂ በዕለቱ ሄዶ ሕዝብን በወታደር መበተን አይገባም። አለቆቹ ራሳቸው ነገሩን በዐውደ ምሕረት ቢናገሩት ከሹም ቃል ይልቅ ይሰማል።

ስለ መብረቅ የሚባለው ብዙ ነው፤ እኛ ግን የሚሠራውን ብቻ እንናገር። ብርሃኑ ታይቶ ድምፁ እስኪሰማ ያለውን ጊዜ መቍጠር ማንም እረኛ የሚችለው ነገር ነው፤ ድምፅ በሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ቍጥሩ ከ30 በታች ከሆነ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ነውና ከብት ትቶ መሸሸግ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ነጐድጓድ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መውጣት አይገባም። በመንዝ ሜዳ ላይ ዛፍ ጥቂት ስለ ሆነ፥ እረኛ ልጅ ዝናብ ሲመጣ ወደ አንዲቱ ጽድ ወይም ወደ አንዱ ባሕር ዛፍ ሥር ይሮጣል፤ መብረቅ ግን ከሜዳው ከፍ ያለውን መምታት ስለሚወድ ይህ ከሁሉ የከፋው መጠለያ ነው። የድንጋይ ቤት፥ በሩ የተዘጋ መኪና ይሻላል፤ ይህ ከሌለ ከኮረብታው ራስ ወርዶ፥ ከዛፍና ከሽቦ አጥር ርቆ፥ እግርን ገጥሞ ቍጢጥ ማለት ነው። ልጆች ተቃቅፈው አይቀመጡ፤ ተራርቀው ይሁኑ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው መብረቅ የመታውን ሰው ለመንካት መፍራት ነው። በተመታው ሰው ሰውነት ላይ የሚቀር እሳት የለም፤ የሚነካውን ሰው አይጎዳውም። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ልቡና እስትንፋሱ ለጥቂት ጊዜ ስለ ቆመ ነውና ወዲያው ደረቱን በሁለት እጅ በብርታትና በፍጥነት እየተጫኑ፥ የሚችል ሰው ካለም በአፉ ትንፋሽ እየሰጡ ቢረዱት ሊነሣ ይችላል። ይህን ለየትምህርት ቤቱ ልጆች ማስተማር ለጤና ሠራተኞች የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በረዶ የደጋው አገር የቆየ ጠላት ነው። በኢትዮጵያ ሰማይ ውሃ የሚረጋበት ከፍታ ከባሕር ወለል ወደ 5000 ሜትር ያህል ነው። በ3000 ሜትር ላይ ያለ ማሳ ከዚያ ከፍታ የሚርቀው 2000 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ የሚወርደው በረዶ ለመቅለጥ ጊዜ አያገኝም፤ ቆላው ላይ ሲደርስ ግን ብዙው ቀልጦ ዝናብ ይሆናል። መንዝ በበረዶ ሲጠፋ በታች ያለው አገር በዝናብ ብቻ የሚያልፈው ስለዚህ ነው። በረዶን እመልሳለሁ የሚል ሰው በየአገሩ አለ፤ ለዚህም ገበሬው እህል ይሰፍርለታል። በዚህ እኛ ብቻ ሞኞች አይደለንም። በ1896 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኦስትሪያ አልበርት ሽቲገር የሚባል ባለ ወይን እርሻ ወደ ደመና የሚተኮስ መድፍ አቁሞ በረዶ ያባርራል አለ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ በኢጣልያ ብቻ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ መድፎች ቆሙ። መንግሥታቱ ነገሩን አስመርምረው መድፍ በቆመበትም ባልቆመበትም በረዶው እኩል እንደሚወርድ ባዩ ጊዜ ተዉት። ስለዚህ ገንዘብን በረዶን ለመመለስ ማውጣት ከንቱ ነው፤ በረዶው ከወረደ በኋላ ምን እንደሚደረግ ማወቅ ግን ይጠቅማል።

ገብስ ገና በቡቃያው ሳለ በረዶ ቢቀጠቅጠው የተስፋ ቢስ መልክ ይኖረዋል፤ ሆኖም የሚያድግበት እምብርት በመሬት ውስጥ ወይም በመሬት አጠገብ ተሸሽጎ ስለሚቀር ዳግመኛ ሊያቈጠቍጥ ይችላል። ገበሬው በሐዘን ወዲያው ገልብጦ እንዳያርሰው ሰባት ወይም ዐሥር ቀን እንዲታገሥ መምከር ያስፈልጋል። ዛላ ካወጣ በኋላ ከተመታ ግን የጠፋው ጠፋ። በመርሐቤቴና በሌላውም ዝቅ ባለው ጥቁር መሬት በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ ሽምብራ ወይም ጓያ በቀሪው እርጥበት መዝራት ይቻላል፤ በመንዝ ራስ ላይ ግን ብርዱ ስለሚቀድም ይህ አይሆንም። ስለዚህ ለደጋው ገበሬ የሚያስፈልገው ዘር ሳይሆን እርዳታ መሆኑን የሚያስረዳ ሪፖርት በቶሎ መጻፍ ነው። ጉዳቱን ለመገመት የሚሄዱትም ሰዎች በረዶው ከወረደ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ይሂዱ፤ ከዚያ በኋላ የበረዶና የዋግ ጉዳት እየተቀላቀለ ክርክር ያስነሣል።

የበልግ ገብስ ነገር የተለየ ነው። በደጋው የበልግ እህል የሚታጨደው በሰኔና በሐምሌ፥ ክረምቱ በገባበት ጊዜ ነው። የታጨደው ነዶ በማሳው ላይ ተኝቶ ሁለት ቀን ዝናብ ከመታው ያበቅላል ወይም ይሻግታል። ስለዚህ ወጀብ ይመጣል በተባለ ጊዜ ዓርብ ዕለት የታጨደው ሁሉ ተከምሮ፥ ክምሩ ከጎርፍ መውረጃ ርቆ በድንጋይ መደብ ላይ ተሠርቶ፥ ጫፉ በሣር በሚገባ ተከድኖ ይደር። ያልታጨደው ይቆይ፤ የቆመ እህል ከተኛ ነዶ ይልቅ ዝናብ ይችላል። ወንፈልና ደቦ የሚጠራው ለዚህ ነውና ሹማምንት ዓርብን ለስብሰባ ባይጠሩበት መልካም ነው።

ከዚህ ጋር ማዳበሪያን እናስታውስ። ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ በውሃ ፈጥኖ የሚሟሟ ስለ ሆነ ከዶፍ በፊት የተበተነ እንደ ሆነ ገበሬው በብድር የገዛውን ሀብት ወንዝ ይበላዋል። ሁለት ሦስት ቀን ማዘግየት ምንም አይጎዳም። ለበጎችም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የመንዝ በግ ጠጕሩ ብርድን ይከላከልለታል፥ አዲስ የተሸለተ በግና ግልገል ግን በአንድ ሌሊት ቀዝቃዛ ዝናብ ይሞታል። ወጀብ በሚጠበቅበት ሳምንት በግ አይሸለት።

የውሃ መውረጃ ነገር ከገበሬው እውቀት አልፎ የሹም ዳኝነት የሚያስፈልገው ነው። ገበሬያችን በማሳው ላይ ፈሰስ ማውጣት ከጥንት ያውቃል፤ ግን ፈሰሱን ቍልቍል ቢያቀናው ቦይነቱ ቀርቶ ቦረቦር ይሆናል፤ አግድም ጥቂት ብቻ አዘንብሎ መውጣት አለበት። ሁለተኛውም ችግር አንዱ ገበሬ ያወጣው ፈሰስ በታች ካለው ጎረቤቱ ማሳ ላይ መውደቁ ነው። ከዚህ የተነሣ በየክረምቱ ጠብ ይነሣል፤ አንዳንዴም ደም ይፈሳል። የውሃው መጠን እንዴት እንደሚበዛ ለማስረዳት እንዲህ እንቍጠር። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። የሚቲዎሮሎጂ ሠራተኞች ከባድ ዝናብ የሚሉት በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የወረደውን ነው። ይህ 30 ሚሊ ሜትር በአንድ ጥማድ መሬት፥ ማለት በሩብ ሄክታር ገደማ ላይ፥ 75000 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 3750 መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ በጎረቤት ማሳ ላይ መድፋት ቀላል በደል አይደለም። ስለዚህ ከሰኔ በፊት የአገር ሽማግሌዎች በየጎጡ ተሰብስበው የጋራ መውረጃውን ቢለዩ፥ ሹሙም ውሳኔያቸውን ቢያጸናው፥ በክረምት የሚመጣው ክስ ይቀንሳል። ዘንድሮ ይህ ያልተደረገበት ቀበሌ ቢያንስ ዓርብ ዕለት የተደፈነውን ቦይ ያስከፍት።

ውሃን ከመነሻው የማዘግየት ምሳሌ በአገራችን አለ። የጓሳ ምድር ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ያለው፥ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ሣራማ ስፍራ ነው፤ የዓባይንና የአዋሽን ውሃ የሚከፍለውም እርሱ ነው። አባቶች ቄሮ በሚባለው ሥርዓት፥ በአባ ቄራ ሹምነት፥ ሣሩን ለዓመታት እየዘጉ ይጠብቁት ነበረ። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጋር ቢፈርስም፥ ስፍራው ዛሬ በማኅበረሰቡ ጥበቃ ሥር ነው። ጥቅጥቅ ያለው ሣር ዝናቡን እንደ ባና ይቀበለዋል፤ ጎርፉን አዘግይቶ በበጋ ምንጭ አድርጎ ይመልሰዋል። በዚያው ከፍታ ታርሶ የተራቆተ ተዳፋት ግን በሰዓቱ ይለቀዋል። የትኛው ወንዝ ፈጥኖ እንደሚሞላ ለማወቅ የሚፈልግ ሹም የራስጌውን ልብስ ይመልከት።

ስለ ናዳ ጥቂት እንጨምር። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዚሁ በሰሜን ሸዋ በደብረ ሲና አካባቢ፥ በጣርማበር ወረዳ፥ መሬቱ ተንሸራቶ ብዙ ማሳና ቤት አጥፍቷል። ስለዚህ ነገሩ የጎፋ ብቻ አይደለም። ከገደል ሥር ወይም ከተዳፋት ጎን በተሠራ መንደር ለብዙ ቀን ሲዘንብ ከሰነበተ፥ መሬቱ ቢሰነጠቅ፥ ባልነበረበት ስፍራ ምንጭ ቢፈነዳ፥ የነበረው ምንጭ ቢደፈርስ፥ ዛፍና አጥር ቢያዘነብል፥ የቤት በር አልዘጋም ቢል፥ ሌሊቱን ሰው በዚያ አይደር። መናዱ ከሆነ በኋላም ሕዝቡ እንዳይጎርፍ ሹሙ ራሱ ይከልክል። የሚቆፍሩት ጥቂቶች ይሁኑ፤ በላይ በኩል ተዳፋቱን ብቻ የሚመለከት፥ ሲያንቀሳቅስ ቢያይ የሚጮኽ ሰው ይቁም። ወንድሙ ተቀብሮበት ሳለ ቆይ ማለት እጅግ ከባድ ትእዛዝ መሆኑን እናውቃለን፤ በጎፋ የሆነውን የሰማ ሹም ግን ይህን ትእዛዝ ለመስጠት ድፍረት ሊያጣ አይገባውም።

በመጨረሻም ማስታወቂያውን ስለ ማንበብ። የአየር ጠባይ ምርመራ በአገራችን በ1973 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 201 ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆኖ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። የበጋ፥ የበልግና የክረምት ትንበያ ያወጣል፤ በየዐሥር ቀኑና በየዕለቱም ይናገራል። የወቅቱ ትንበያ «ከመደበኛ በላይ» ቢል በየቀኑ ወጀብ አለ ማለት አይደለም፤ የወራቱ ድምር ከብዙ ዓመት ልማድ የመብለጡ ዕድል ይበልጣል ማለት ነው። ደረቅ ክረምት ነው በተባለበት ዓመትም አንድ ቅዳሜ ወንጭትን ሊሞላው ይችላል። ስለዚህ ዘር ለመምረጥ የወቅቱን፥ መልካ ለመዝጋት ግን የዕለቱን ማስታወቂያ ተመልከቱ። «በአንዳንድ ስፍራ» የሚለውም ቃል በእኛ ላይ አይደርስም ማለት አይደለም፤ ወጀብ ስፋቱ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ሊሆን ስለሚችል፥ የትኛው ቀበሌ ላይ እንደሚወድቅ ከአዲስ አበባ ሆኖ ማንም ሊናገር አይችልም። ይህን የሚሞላው በየቀበሌው የሚደረግ ልኬት ነው።

ለዚህም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አፉና ቂጡ እኩል የሆነ ቀጥ ያለ የቆርቆሮ ጣሳ፥ ከቤትና ከዛፍ በርቀት፥ በእንጨት ላይ ታስሮ ቀጥ ብሎ ይቁም። በየቀኑ ጧት በ3 ሰዓት በውስጡ የተገኘው ውሃ ቁመት በማስመሪያ ይለካና ይደፋ፤ በማስመሪያው ላይ የታየው ሚሊ ሜትር የዝናቡ ልክ ነው። ቅዳሜና እሑድም መለካቱ አይቋረጥ፤ የሁለት ቀን ውሃ ሰኞ አንድ ላይ ቢለካ ዶፉ በየትኛው ቀን እንደ ወረደ አይታወቅም። መዝገቡ ቀኑን፥ ልኩን፥ ዝናቡ የጀመረበትን ሰዓት፥ በረዶ ካለም መጠኑን በገብስ፥ በባቄላ ወይም በእንቍላል መስሎ ያመልክት። ጣሳው ደረቅ ሆኖ ቢገኝ «0» ተብሎ ይጻፍ እንጂ ቦታው ባዶ አይተው፤ ባዶ ቦታ የሚያሳየው ዝናብ አለመኖሩን ሳይሆን ጸሓፊው አለመኖሩን ነው። የሳምንቱ መዝገብ ግልባጭ ሰኞ ጧት ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይድረስ።